የሞራ ትርንጎ ቀላል ቃላት

ረዳት መምህርት ሆኜ የምሠራበት ትምህርት ቤት ኔታንያ ከተማ፣ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ውስጥ ነው። የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ከመምህራን ክፍል ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። ባለፈው ሰሞን ለልጆቹ የንባብ ገጽ ላባዛ ገብቼ፣ ከማሽኑ የወጣውን ትኩስ ወረቀት ሰብስቤ ወደ ደረቴ ሳስጠጋው ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። የሞቀ ቀለም፣ የሞቀ ወረቀት፣ ትንሽም የተቃጠለ አቧራ። ወረቀቱ ሳይበርድ ሞራ ትርንጎ ፊቴ ድቅን አለች፤ ባለ ጎማ የገበያ ጋሪዋን በአንድ እጇ እየጎተተች፣ በሌላው የግንባሯን ላብ በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው። ትርንጎ ጎንደር ሳለች መምህርት ነበረች፣ ያውም ደብዳቤ ስትጽፍ አንባቢ የምታስለቅስ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭና ኔታንያ ከገባች በኋላ ግን ሥራዋ ሌላ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤት መጋሼሬት ነበረች። የዳይሬክተሯን ቃል ለወላጅ፣ የወላጅን ቃል ለዳይሬክተሯ የምታደርስ አገናኝ ማለት ነው። ደመወዟን አትጠላውም ነበር፤ ሥራውን ስታነሳ ግን ከንፈሯን ትመጥጣለች። «የሰው ቃል ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ» ትል ነበር። በራሷ ቃል የምትናገርበት፣ እንደ ድሮው መምህርት ሆና ለልጆች አማርኛ የምታስተምርበት ሰዓት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዶራ ሰፈር ውስጥ ከኛ ሕንጻ ሥር ባለው ሚክላት ነበር።

ሚክላቱ ለጦርነት ጊዜ የተሠራ መሸሸጊያ ነው፤ በደህና ቀን የልጆች ክበብ ይሆናል። በሩ ወፍራም ብረት ስለሆነ ለመክፈት ሁለት ልጅ መግፋት ነበረበት። ግድግዳው ላይ በጎ ፈቃደኞች ዶልፊን ስለው ነበር፤ እርጥበቱ ቀለሙን እየላጠው የአንዱ ዶልፊን ጭራ ከነጭራሹ ጠፍቷል። የአየር ማቀዝቀዣው ጠብታ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር በነበረበት ባልዲ ውስጥ ቷ፣ ቷ ይላል። በባለቀለም ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች የሚጠለፈው አምባር ከተማውን ያጥለቀለቀበት ዘመን ነበርና ሁላችንም ክንዳችን እስከ ክርን ድረስ በጎማ ተጠምጥሟል። ስልኩ ያልተሰነጠቀ ልጅ አልነበረም።

ይህችን የማክሰኞ ሰዓት ለምነው ያስገኙት የእናቴ አባት፣ አያቴ አባ ጀንበሩ ነበሩ። በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ጎንደር ሳሉ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ አንደበታቸው የታወቀ ሽማግሌ ነበሩ። ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። እኔና እሳቸው በአንድ ቤት እያደርን መነጋገር አንችልም ነበር ብል ማን ያምነኛል? እኔ ያለኝ አማርኛ «ብዪ፣ ነዪ፣ ዝጊ፣ ተኚ» ነው። እሳቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ከፊት ሁለት ምሳሌ፣ ከኋላ አንድ ምርቃት ይጨምሩበታል። እናቴ መሐል ቁጭ ብላ ታስተረጉማለች። እናቴ ፋብሪካ ስትገባ እኔና አያቴ ቴሌቪዥኑን ዝም ብለን እናያለን። አንዳንድ ጊዜ ሰርቀው ሲያዩኝ እይዛቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ፈገግ እላለሁ፣ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ በላይ መሄጃ የለንም።

የክበቡ ኃላፊ ሲጋል ሰዓቷን ስትፈቅድ አንድ ነገር አስጠንቅቃለች። ልጆች ካልመጡ ከፋሲካ በኋላ ክፍሉ ለዳንስ ኮርስ ይሰጣል።

ፊደል ካስቆጠረችን በኋላ ሞራ ትርንጎ መጀመሪያ ይዛልን የመጣችው የራሷን ድርሰት ነበር። «የማለዳዋ ጀምበር ወርቃማ ጮራዋን ከአድማስ ባሻገር ስትፈነጥቅ» ብሎ ይጀምራል። አሁን ሳስታውሰው ያማረ ነው። ያኔ ግን አውቶቡስ ላይ ከኋላ ወንበር በሩሲያኛ በስልክ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሆነብን፤ ድምፁ ይሰማል፣ ነገሩ አይገባም። «ሞራ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ፀሐይዋ ብቻዋን ናት እንዴ? ሰው የለም?» ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀ አንዱ። ጀምበሯ ሳትወጣ ግማሾቻችን ጎማ መጥለፍ እንጀምራለን። በየሳምንቱ ወንበሮቹ እየጎደሉ ሄዱ።

እኔ አልቀረሁም፤ አያቴ ያስገኙትን ሰዓት ትቼ የት እሄዳለሁ? በጠረጴዛው ሥር ግን መጽሐፍ አነብ ነበር። የውሾችን ሐሳብ ስለምትሰማ ልጅ የሚያወራ፣ ሽፋኑ የሚብለጨለጭ፣ በክፍላችን ያሉ ሴቶች ሁሉ እየተቀባበልን የምናነበው ተከታታይ መጽሐፍ ነው። የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አትወደውም። «ቋንቋው ድሃ ነው፤ አንድ አዲስ ቃል አያስተምራችሁም» ትለናለች፤ እኛም ከሷ ተደብቀን እናነባለን።

አንድ ማክሰኞ ሞራ ትርንጎ አጠገቤ መጥታ ቆመች። መጽሐፉን ልትነጥቀኝ ነው ብዬ ጨብጬ ያዝኩት።

«ስትጨርሺው ታውሺኛለሽ?» አለችኝ።

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። አላሾፈችም። ጨርሼ ስሰጣት በገበያ ጋሪዋ ውስጥ ከሽንኩርቱ አጠገብ ሸጎጠችው። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ላይ አየኋት። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ፣ ዕብራይስጡን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። መውረጃዋ አልፏት ነበር። ደብዳቤዋ አገር ያስለቅስ የነበረ መምህርት የልጅ መጽሐፍ ይዛ መውረጃዋ ሲያልፋት ያየ ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን የዚያን ቀን ነው የወደድኳት።

መጽሐፉን ስትመልስልኝ ክፍሉን ሁሉ አስቀምጣ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች ተናገረች። «ይህች ጸሐፊ አንድም ከባድ ቃል የላትም። ግን ምዕራፉ ሲያልቅ በር ዘግታብሽ ትሄዳለች፤ በሩን ካልከፈትሽ አትተኚም። ይኼ ትልቅ ችሎታ ነው፤ እኔ የለኝም።» ከዚያ ቀጠለች። «ከጨረስኩት በኋላ ግን አብሮኝ የቀረ ቃል ፈልጌ አጣሁ። እንደ ፈንዲሻ ነው፤ አፍ ይሞላል፣ ሆድ አይሞላም። እንግዲህ እኔም ፈንዲሻ ልቁላ፤ ከውስጡ ግን አንዳንድ ሽምብራ እጨምርበታለሁ።»

በሳምንቱ ከፎቶ ኮፒ የወጣ ትኩስ ወረቀት ይዛ መጣች። ታሪኩ «ማዓሊቱ ተበላሸ። ሚሪ ደረጃውን ወጣች» ብሎ ይጀምራል። ማዓሊት የምንለው አሳንሰሩን ነው። ክፍሉ ተንጫጫ።

«ሞራ፣ አማርኛ ውስጥ ማዓሊት አለ እንዴ?»

«ለምን አይኖርም?» አለች። «እኔ ማዓሊት ስገባ አማርኛዬን ውጭ ትቼው አልገባም።»

ለኛ አማርኛ የበሬና የተራራ ቋንቋ ነበር። ሚሪ ግን ዶራ ነበር የምትኖረው፤ እንደኛ በተሰነጠቀ ስልክ ነበር የምትደውለው። በሕንጻው ላይ ከተሰጣ ልብስ መሐል በየሳምንቱ አንድ አንድ ካልሲ የሚሰርቅ ሌባ አለ፤ ሚሪ ሌባውን ትፈልጋለች። ይኸው ነው። ይህችን ተራ ነገር ለማወቅ ነው እንግዲህ ጎማችንን ጥለን ያዳመጥነው።

ሞራ ትርንጎ አንድ ሕግ አወጣች። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል አይደል? እሷ ገለበጠችው። በገጹ ላይ ማናችንም የማናውቀው ቃል ከተገኘ፣ የተሸነፈችው ጸሐፊዋ ናትና አገር የምትሰጠው እሷ ናት። «አገር ስጪን!» እንላለን። እሷም ቆዝማ ትሰጠናለች። ባሕር ዳርቻውን ወሰድን። ከገደሉ ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን ማዓሊት ወሰድን። ገበያውን፣ ስታዲየሙን፣ በመጨረሻም ኢር ያሚም የተባለውን የሀብታም ሰፈር ረጃጅም ፎቆች ከነመዋኛቸው ተረከብን። አገር የወሰደ ደግሞ የሰጠውን መስደብ ወጉ ነው። «ኢር ያሚም ፎቅ ላይ ሆኜ ባሕር ሳይ፣ አንቺ ታች ሆነሽ ጋሪሽን ጎትቺ!» ይላታል ከኛ አንዱ፤ እሷ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። «እርስዎ» እንድንላትም አልፈለገችም። «እርስዎ ስትሉ አፋችሁ ይታሰራል፤ አንቺ በሉኝና አውሩ» ብላናለች።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አገር በሰጠችበት ቃል ላይ ቤቷ ሄዳ ስትጨነቅ ትሰነብታለች። ቃሉን አውጥታ የምናውቀውን ትተካለች፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲንሻፈፍባት እንደገና ታፈርሰዋለች። «ድሮ በአንድ ቁጭታ የምጽፈው ገጽ አሁን ሳምንት ይፈጅብኛል። ከባድ ቃል ሰነፍ ጸሐፊን ይሸፍናል ልጆች፤ ቀላል ቃል ግን ራቁትሽን ነው የሚያቆምሽ» አለችን። ወንበሮቹ እንደገና ሞሉ፤ ከጎረቤት ሕንጻ ልጆች መምጣት ጀመሩ።

ፋሲካ ሲቃረብ አያቴ ሰዓቷ እንዴት እንደሆነች ሊያዩ ወረዱ። ከበሩ አጠገብ በበትራቸው ተደግፈው ቆመው አንድ ገጽ ሙሉ ሰሙ። ሚሪ ወጣች፣ ሚሪ ወረደች፣ ሚሪ ካልሲ አየች።

«ትርንጎ» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ ደጅ የጠናሁት ለዚህ ነው? አማርኛን አክስተሽ አጥንቷን አስቀረሻት።»

«አባ ጀንበሩ፣ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ቆሎ ይሰጣል?»

«ገንፎ ብቻ ስታጎርሺው መቼ ጥርስ ሊያወጣ ነው?»

አያቴ አልተቆጡም፤ ያዘኑ ይመስላሉ። «እንግዲህ የወላጆች ስብሰባ ላይ እናገራለሁ። እንዲህ ከሆነ ሰዓቱ ቢቀር ይሻላል» ብለው ወጡ። እሳቸው አይሆንም ካሉ ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንደሚከተሏቸው፣ ሲጋልም ወላጅ ያልፈለገውን ሰዓት እንደማታቆይ እኛ ልጆቹ እንኳ እናውቅ ነበር። ሞራ ትርንጎ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «ይህች ሰዓት ከተወሰደች እኮ የራሴ የምለው ቃል አይኖረኝም» አለች፤ ለማንም አልነበረም የምትናገረው። በአያቴ ተናደድኩ፤ ንዴቴን የምነግራቸው ቋንቋ ግን አልነበረኝም።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ማክሰኞ ያመጣችው ምዕራፍ ካልሲ አልነበረበትም። የሚሪ እናት ከሥራ አልተመለሰችም። ስልኳ አይነሳም። ሚሪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ማዓሊቱ ይነሳል፣ ድምፁ ይቀርባል፣ ሌላ ፎቅ ላይ ይቆማል። ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ ይቆማል። የምዕራፉ መጨረሻ እንዲህ ነበር፦ «ሚሪ አልፈራችም። ፍርሃት ሌላ ነው። ሚሪን የያዛት ሰቀቀን ነበር።»

«አገር ስጪን!» ብለን ጮህን።

«አልሰጥም» አለች። እንዲህ ብላ አታውቅም። «በዚህ ቃል ኔታንያን አልለውጥም። ቤት ሂዱና ትልቅ ሰው ጠይቁ።»

ቤት ስገባ እናቴ ሥራ ነበረች። አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ። የባሕሩ እርጥበት የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አርጥቦታል። እናቴን ልጠብቅ አልኩና ተውኩት፤ ማወቅ ፈልጌ ነበር፣ የሚሪ እናት ነገር ልቤን ይዞት ነበርና።

«አባ፣ ሰቀቀን ምንድን ነው?»

የሱፍ ፍሬውን አስቀመጡት። «ከማን ሰማሽው?»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደቃቁን ፊደል አላነብ አለ፤ መልሰው ሰጡኝ። ቆሜ አነበብኩላቸው። ማዓሊቱ ሲነሳ፣ ሲቀርብ፣ ሌላ ፎቅ ላይ ሲቆም። አንድም ጊዜ አላረሙኝም። ስጨርስ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«ሱዳን ሳለን» አሉ፣ «እናትሽ ትንሽ ልጅ ነበረች። ውኃ ልቅዳ ብላ ሄደች። ፀሐይ ገባ። አልመጣችም።» ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። «ፍርሃት ያስሮጥሻል። ሰቀቀን ግን ያስቀምጥሻል። ቁጭ ብለሽ ጆሮ ብቻ ትሆኛለሽ። ኮቴ ሲመጣ እሷ ናት ትያለሽ። አይደለችም። ደግሞ ሌላ ኮቴ ይመጣል።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«መጣች። ቅሏን አቅፋ መጣች። ብዙ ሰው ተሰልፎ ኖሮ ነው የቆየችው። ልመታት ተነሳሁና አቅፌ አለቀስኩ።»

ስለ ሱዳን ከሳቸው አፍ አንዲት ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴም ነግራኝ አታውቅም። ሁሉም ገባኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ማንም እርዳታ ገባኝ። በኋላ ነው ልብ ያልኩት፤ ያ በምሳሌ አገር የሚያስታርቅ አንደበት የልቡን ሲናገር አንድ ምሳሌ አልጨመረም። እኔ የማውቃቸውን ቃላት ነበር የተናገረው፣ ከአንዷ በስተቀር።

ስብሰባው ሚክላቱ ውስጥ ነበር። ፕላስቲክ ወንበር፣ ፕላስቲክ ኩባያ፣ የብርቱካን ጭማቂ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እናቶች ከኋላ፣ እናቴ የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ። ሞራ ትርንጎ ከሲጋል አጠገብ ተቀምጣለች፤ የሽማግሌዎቹን ንግግር ለሲጋል ማስተርጎም ሥራዋ ነው። ሰዓቷ እንድትዘጋ የሚናገሩትን ራሷ ልታስተረጉም ነው እንግዲህ።

አያቴ ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ሁሉ ምሳሌያቸውን ጠበቀ። እሳቸው ወደ ሞራ ትርንጎ ዞሩና፣

«ለመሆኑ የልጂቱ እናት መጣች?» አሉ።

ሰዉ ግራ ገባው። ከልጆቹ ወገን ሳቅ ተሰማ። ሲጋል ወደ ሞራ ትርንጎ ጎንበስ ብላ «ማ ሁ ኦሜር?» አለች፤ ምን እያሉ ነው ማለቷ ነው። ሞራ ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። የስንቱን ቃል ስትሸከም የኖረች ሴት ያችን ትንሽ ዓረፍተ ነገር መሸከም አቃታት። አንገቷን ደፍታ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

እኔ ተነሳሁ። ለሲጋል በዕብራይስጥ ነገርኳት። አያቴ አዩኝና ንግግራቸውን ቀጠሉ፤ እንድደርስባቸው በየመሐሉ እያቆሙ፣ ቃላቸውን እያሳጠሩ።

«አማርኛን አከሳሻት ብያት ነበር። ተሳስቻለሁ። ወደ ሱዳን ስንወጣ የቤታችንን ዕቃ ሁሉ አልተሸከምንም። መንገደኛ ጓዙን ይቀንሳል። የማይጣለውን ግን አይጥልም። ይህች ሴትም የማይጣለውን አልጣለችም። ሰዓቱ ይቀጥል።»

ሲጋል አያቴን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ የት እንደተወለድኩም ጠየቀችኝ። እዚሁ፣ ኔታንያ አልኳት። የዳንስ ኮርሱ ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ስቀመጥ ዓይኔ እናቴ ላይ አረፈ። በእኔና በአባቷ መሐል ስታስተረጉም የኖረችው እሷ ናት፤ በሩን ተደግፋ እያለቀሰች ነበር።

በተከታዩ ማክሰኞ አያቴ ከኛ ጋር ወርደው በልጅ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። የሚሪ እናት መጣች። አውቶቡስ ተበላሽቶባት ነው የቆየችው፤ የስልኳም ባትሪ አልቆ ነበር። አያቴ ጮክ ብለው «ተመስገን» አሉ።

ሞራ ትርንጎ እኔ ሁለተኛ ደረጃ እስክገባ ድረስ አስተማረች፤ ከዚያ ልጇ ዘንድ ወደ ደቡብ ሄደች። መጽሐፍ አላሳተመችም፤ ስሟን ከዶራ ውጭ የሚያውቅ የለም። ገጾቹም ቤት ስንቀይር ጠፉ። ለልጆች ሲጻፍ ቀለል ማለት አለበት ወይስ መርቀቅ አለበት እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ ስሰማ ያቺ መውረጃዋ ያለፋት ሴት ትታወሰኛለች፤ ክርክሩ ውስጥ ግን አልገባም። እሷ የምትጽፍላቸውን ልጆች ትወድ ነበር፣ ቋንቋዋንም ትወድ ነበር፤ አንዱን ለአንዱ መሠዋት አልሆነላትም። እንዲህ ዓይነት ጸሐፊ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

አያቴ ያረፉት ወታደር ሳለሁ ነው። በመጨረሻዋ ሌሊታቸው ሆስፒታል የደረስኩት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነበር። ነርሷ ገብታ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ልጥራላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያስፈልግም አልኳት፤ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቼ ከአያቴ ጋር እስኪነጋ አወራሁ።